ማንኛውም ሠራተኛ መወዳደር ይችላል

ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። «ር» ፊደሏን ሲመቷት ወረቀት በምትበሳው የቢሯችን የጽሕፈት መኪና፣ ከአራት ግልባጭ ጋር፣ አንድ ስህተት ሳልሠራ። «በዘንድሮው ክረምት የብስክሌት ውድድር ላይ ማንኛውም ሠራተኛ መወዳደር ይችላል» ይላል። አስፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ አንዱን ቅጂ የቢሮው በር ላይ የለጠፍኩትም ራሴ ነኝ። ለጥፌ ዞር አላልኩም። እዚያው በሩን ገፍቼ ወደ አስተዳደር ኃላፊው ገባሁና «ጓድ፣ እኔንም ይመዝግቡኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ለምኑ?»

«ለብስክሌቱ።»

መጀመሪያ ሳቁ። እኔ እንዳልሳቅሁ ሲያዩ ተዉት። «ጓዲት፣ ማስታወቂያውን አንብበሽዋል?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«እንግዲያው ታውቂዋለሽ። ‹ይችላል› ነው የሚለው። ‹ትችላለች› አይልም።»

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ዘመኑ የደርግ፣ ቦታው መልካ ወረር አካባቢ ከነበሩት የጥጥ እርሻዎች አንዱ፣ እኔ ደግሞ ታይፒስት። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። ነገር ግን ያለ ደብዳቤ ውሃ የማይጠጡ ሰው ነበሩ። ከአፋቸው የማትጠፋ አንዲት አባባል ነበረቻቸው፦ «ማኅተም ያላረፈበት እንዳልነበረ ነው፤ ማኅተም ያረፈበት አይሰረዝም።» አባባሏ በሠራተኛው ዘንድ መቀለጃ ሆና ነበር። ክበቡ ውስጥ ወጡ ጨው ካነሰው «ማኅተም አላረፈበትም» እንላለን። ሁለት ሰዎች ሲጋቡም «በቃ፣ ማኅተም አረፈበት» ይባላል።

ከቢሯቸው ደሜ እየፈላ ወጣሁ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ በሩ ላይ ካለው ማስታወቂያ «ይችላል» ከሚለው ቀጥሎ «ትችላለችም» ብዬ ጨመርኩበት። ቦታ ስላልበቃኝ የመጨረሻዎቹ ፊደሎች ማኅተሙ ላይ ወጡ። ከዚያ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ የሳምንቱን ሪፖርት መጻፌን ቀጠልኩ።

በማግስቱ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። ያን ዘመን ላላየ ሰው፣ ሂስና ግለሂስ ማለት ከሰው ፊት ቆሞ በራስ ላይ መመስከር ነው። ሲያልቅ «ስህተቴን አርማለሁ» ይባላል፤ ካልተባለ የሚከተለውን ሁሉም ያውቃል። ከዚህ ባነሰ ነገር የታሰረ ሰው አውቅ ነበር። ስብሰባው የጥጥ መጋዘኑ ውስጥ ነው። ወንዶቹ ከፊት በአግዳሚ ወንበር፣ ከደጋ ለአረም የመጡት ሴቶች ከኋላ በጆንያ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጓዲት» አሉ ኃላፊው፣ «ማኅተም ያረፈበትን ማስታወቂያ ማበላሸትሽን ታምኛለሽ?»

«አምናለሁ» አልኩ። «ስህተት ሠርቻለሁ። ሲጻፍ ‹ትችላለች› የሚለውን መዝለል አልነበረብኝም።»

መጋዘኑ በሳቅ ተናወጠ። ይህን ጊዜ ከመካከል የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ብድግ ብሎ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ!» ብሎ ተረተ። ወንዶቹ አጨበጨቡለት። እኔ ደግሞ አላህ ይስጠውና ያን ተረት እንደ ሎተሪ ተቀበልኩት።

«ጓዶች፣ ሰማችሁ? ሴት ‹ቢያውቅ› ነው ያለው። ‹ብታውቅ› አላለም። አባቶቻችን ሲተርቱ ‹ቢያውቅ› ውስጥ ሴትን ከከተቱ፣ እኔ ‹ይችላል› ውስጥ ብገባ ማንን አጣበብኩ?»

ከኋላ ያሉት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አደረጉ፣ ደግመው አወለቁ። «ሴቶች ከወንዶች እኩል» የሚል መፈክር ከራሳቸው ጀርባ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ዞር ብለው አዩት፤ እኛም ሲያዩት አየናቸው። በመጨረሻ «በራሷ ብስክሌት፣ በራሷ ኃላፊነት» ብለው ወሰኑ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን «በራሷ» የምትለውን ቃል ስጽፍ ያገኘሁትን ደስታ የሚያህል ከጽሕፈት መኪና አግኝቼ አላውቅም።

የራሷ ብስክሌት ግን የላትም። እናቴ አዋሽ ከተማ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ነበራት። ከወሎ ይዛኝ ከመጣች ጀምሮ ያሳደገችኝ በዚያ ሻይ ቤት ነው። ከደንበኞቿ አንዱ ጡረታ የወጣ የባቡር መካኒክ ነበር፤ ጋሼ እለዋለሁ። በወጣትነቱ ድሬዳዋ ላይ በብስክሌት ይወዳደር እንደነበር ሻይ በጠጣ ቁጥር ያወራል፤ ማንም አያምነውም። ቅዳሜ ቤቱ ወሰደኝና ከግድግዳ ምስማር ላይ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ ነገር አወረደ። ጎማው የቀጠነ፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተቆለመመ የውድድር ብስክሌት ነው።

«አሳዝነሽኝ አይደለም የምሰጥሽ» አለኝ። «ስብሰባው ላይ ያልሽውን ሰምቼ ነው። ዳገት አይገድልሽም፣ የሚገድልሽ ነፋሱ ነው። ነፋስ ሲመጣ ጎንበስ፣ ሲያልፍ ቀና። ከሰውም ጋር እንደዚያው ነው።»

«ለነፋሱ እሺ፣ ጋሼ» አልኩት።

እናቴ ብስክሌቱን ስታይ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ያ አላህ! ሱሪ አጥልቀሽ በአስፋልት? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ቁጭ ብልም ይላል፣ እማ።»

እናቴ እስከ መጨረሻው አልተስማማችም። ሌላ ሰው ቢሆን ‹በኋላ ገባት፣ አቀፈችኝ፣ አለቀስን› ብሎ ይጽፍ ነበር። አላቀፈችኝም። ነገር ግን ከወር በኋላ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር መንገድ ላይ ፍጥነቱን ቀንሶ በመስኮት ብቅ አለና «አንቺ ነሽ ዕብዷ?» አለኝ። እናቴ ለካ ሻይ ለሚጠጣ ሾፌር ሁሉ «መንገድ ላይ ሱሪ የለበሰች ዕብድ ካያችሁ የኔ ናት፤ ወላሂ ብትነኳት ሻዬ ሐራም ይሁንባችሁ» እያለች ነበር።

ደገኛ ክረምት ሲል ዝናብ ማለቱ ነው። እኛ ዘንድ ክረምት እሳት ነው። ዝናቡን ደጋው ይወስደዋል፤ ለእኛ የሚተርፈን ቡና መስሎ የሚወርደው የአዋሽ ጎርፍና አፍ የሚሞላው አቧራ ነው። ስለዚህ ልምምዴን ከሥራ በፊት፣ ገና ጎህ ሲቀድ አደረግሁ። በሥራ ቀን ከመልካ ወረር ወደ አዋሽ አርባ አቅጣጫ ጥቂት ሄጄ እመለሳለሁ። ቅዳሜ እስከ አዋሽ፣ እሑድ ወደ ኋላ። የመጀመሪያው ሳምንት መቀመጥ ስላቃተኝ ቆሜ ታይፕ አደረግሁ። በሁለተኛው ሳምንት የግራር እሾህ አምስት ጊዜ ጎማዬን በልቶ ከመነዳሪዬ፣ የውስጥ ጎማው፣ ከላስቲኩ ይልቅ ማስቲሹ በዝቶበት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ነፋሱ ከኋላዬ ሆኖ፣ አስፋልቱ ባዶ ሆኖ፣ እግሮቼ የማን እንደሆኑ እስኪጠፋኝ ድረስ በረርኩ። እየጮህኩ ነበር የምሄደው። ከዚያ ጠዋት በኋላ ኃላፊው ቢከለክሉኝም፣ መንግሥት ቢከለክለኝም እንደማልተወው አወቅሁ።

በዚያ ክረምት ከትልቁ ውድድር በፊት ሁለት ትንንሽ ውድድሮች ነበሩ። በመጀመሪያው መጨረሻ ወጣሁ። በሁለተኛው፣ ከአዋሽ አዋሽ አርባ ደርሶ መልስ፣ አራት ወንዶች ቀደምኩ። አንዱ ሆዱን አሞት ነው። አንዱ ሰንሰለቱ ወልቆበት ነው። አንዱ ሴት እንዳይገጭ ተጠንቅቆ ነው። አራተኛው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ እሱ ሰበብ አልነበረውም፤ ለሁለት ሳምንት እስክሪብቶና ወረቀት ስጠይቀው «አልቋል» እያለ ተበቀለኝ።

ትልቁን ትምህርት ያስተማረኝ ግን ከተወዳዳሪዎቹ ማንም አይደለም፤ የእርሻችን በር ላይ የሚቆመው አፋሩ ዘበኛ ነው። አንድ እሑድ ከአዋሽ ስመለስ ግመል የሚነዱ ሁለት ሰዎች አየሁ። አንደኛው እጁን አነሳ። ሰላምታ መስሎኝ ደወሌን አንቃጭዬ አለፍኩ፤ ነፋሱ ጥሩ ስለነበር መቆም አሳሳኝ። ሰኞ ጠዋት ዘወትር በሰላምታ በር የሚከፍትልኝ ዘበኛ ዝም ብሎ ከፈተ። ማክሰኞም ዝም። ረቡዕ መቻል ስላቃተኝ «ምን አጠፋሁ?» አልኩት።

የዘበኛው አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁሉም ሰው ለእሱ «አንተ» ነው። «አንተ ሰው አየ» አለኝ። «ሰው እጅ አነሳ። አንተ አለፈ። ዝም ብሎ የሚያልፍ ከብት ነው።»

ከዚያ ስለ ዳጉ ነገረኝ። አፋር መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ቆሞ ወሬ ይቀባበላል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ የማን ግመል ጠፋ። አንዱ የያዘውን ሁሉ አንድ በአንድ ያስረክባል፤ ሌላው ሰምቶ የራሱን ይሰጣል፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ውሃ ያለበትን የሚያውቁት፣ ጠብ ካለበት የሚርቁት በዚያ ነው። ዳጉ መንፈግ ውሃ እንደመንፈግ ነው። ዳጉ ላይ መዋሸት ግን ከዚያም ይብሳል፤ የዋሸን ሰው ከዚያ በኋላ ማንም ቆሞ አይሰማውም። አፈርኩ። ይሄን ሁሉ ዓመት በሰዎቹ አገር ኖሬ ሰላምታቸውን በደወል የመለስኩ እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሰው ቆምኩ። ጥቂት የአፋርኛ ቃላት ከዘበኛው ተማርኩ፤ የቀረውን በእጄ እሞላዋለሁ። ሰዓቴ ግን ተበላሸ። ጋሼ ሰዓቱን ይዞ አዋሽ መግቢያ ላይ ሲጠብቀኝ በንዴት ይበግናል። «ውድድር ነው የምትለማመጅው ወይስ ለቅሶ ልትደርሺ ነው?» ይለኛል።

ትልቁ ውድድር ሰመራ ላይ ተደረገ። ሰመራን ዛሬ ያያት ሰው የምለው አይገባውም፤ ዛሬ ከተማ ናት። ያኔ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ፣ የበርሜል ክምር፣ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ነበረች። አስፋልቱ ቀጥ ያለ ስለሆነና ከአዋሽ ወንዝ ላይም ታችም ያለ እርሻ ሠራተኛ ሊሰበሰብባት ስለሚችል ተመረጠች። ከካምፑ ተነስቶ ወደ ዲቾቶ በሚወስደው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ዞሮ መመለስ ነው። ከአራት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የጨረሰ ሁሉ ለአዲስ አበባው ውድድር ይላካል። እኔ የፈለግሁት ይህን ነው። ዋንጫ አልፈለግሁም። ጨርሳለች የሚል ወረቀት ፈልጌ ነው፣ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬደኝን።

ድንጋዩ ጋ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው ይቆምና የዞረውን ሁሉ ደረቱ ላይ ካለው ቁጥር ላይ ማኅተም ይመታለታል። ሐሳቡ የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ኃላፊያችን የልዑኩ መሪ ሆነው አብረውን መጥተዋል። አሥራ አራት ነበርን፦ አሥራ ሦስት «ይችላል» እና አንዲት «ትችላለች»። የደረቴ ቁጥር አሥራ አራት ነው።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። እስከ ሃያኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ከመካከላቸው ነበርኩ። ጋሼ እንዳለኝ ጎንበስ ብዬ የአንዱን ጀርባ ከለላ አድርጌ እየሄድኩ ሳለ የኋላ ጎማዬ ፍስስ ብሎ ተነፈሰ። እሾህ። ወርጄ ብስክሌቱን ገልብጬ፣ ፈትቼ፣ ለጥፌ፣ ነፍቼ እስክነሳ ወንዶቹ ከዓይኔ ጠፉ። ብቻዬን ስቀር አለቀስኩ። በንዴት ነው ያለቀስኩት፤ እያለቀስኩም ፔዳሌን አልተውኩም። ዞረው ሲመለሱ መንገድ ላይ ተላለፍን፤ አንዳንዶቹ እጃቸውን አነሱልኝ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ሳቀ። ከኋላቸው ነጭ ፒካፕ ሽው ብሎ አለፈኝ።

ድንጋዩ ጋ ስደርስ ሰው የለም።

ባንዲራም ማኅተምም የለም። ባለ ማኅተሙ ለካ በዚያ ፒካፕ ውስጥ ነበር። አሥራ ሦስት ወንዶች ቆጥሮ፣ አለቀ ብሎ ሄዷል። ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ ሁለተኛውን ለምን እንደዞርኩት አላውቅም፣ እልህ ነው። መኮዳዬን አውጥቼ ግማሹን ጠጣሁ። ልነሳ ስል አጠገቡ ካለችው ድልድይ ጥላ ሥር አንድ አፋር ሽማግሌ ወጡ። ሁለት ግመል አላቸው። እጃቸውን አነሱ።

እዚህ ላይ ብልህ መስዬ መታየት እችል ነበር፤ ‹ምስክር እንዲሆኑኝ ብዬ ቆምኩ› ብል ማን ያውቅብኛል? ግን ምስክር የሚባል ነገር በአእምሮዬ አልነበረም። በአእምሮዬ የነበረው ሰዓቱ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ ሂጂ ይላል። የቆምኩት «ዝም ብሎ የሚያልፍ ከብት ነው» የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ስለነበረ ብቻ ነው። ሁለተኛ ከብት አልሆንም ብዬ ከብስክሌቴ ወረድኩና ያለኝን ሁሉ አስረከብኩ። ከመልካ ወረር እንደመጣሁ፣ ውድድር እንደሆነ፣ እሾህ ጎማዬን እንደበላው፣ ውሃዬ ግማሽ እንደቀረ፣ አንድ የጨው መኪና ጎማ እንደፈነዳበት። ሽማግሌው በየመካከሉ «ኤ» እያሉ ሰሙኝ። ከዚያ የእሳቸውን ሰጡኝ፦ ወንዙ ወደታች ሞልቷል፣ አንዲት ግመላቸው ወልዳለች፣ ባለ ቀዩ ጨርቅ ሰው ደግሞ በነጩ መኪና ሄዷል። አመስግኜ ተነሳሁ።

አመላለሴን አልረሳውም። ፀሐይዋ ከላይ፣ አስፋልቱ ከታች፣ ነፋሱ ከፊት። ሁለት ወንዶች መንገድ ዳር ተዘርረው ፒካፑ ሲጭናቸው አለፍኳቸው። ሌሎች ሁለት ብስክሌታቸውን ሲገፉ አለፍኳቸው፤ አንዱ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ነው። ደወሌን አንቃጨልኩለት። ካምፑ ስደርስ ጋሼ ያዋሰኝ የእጅ ሰዓት ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ መንዳቴን ይናገራል።

ዳኛው ደረቴን አየ። «ማኅተምሽ የታል?»

«ባለ ማኅተሙ ቀድሞኝ ተመልሷል።»

ባለ ባንዲራውን ጠሩት። «እኔ ድንጋዩ ጋ ሴት አላየሁም» አለ። እውነቱን ነው፤ ቆሞ ቢጠብቅ ኖሮ ያይ ነበር። ኃላፊያችን አንገታቸውን ነቀነቁ። «ጓዲት፣ መዞርሽን በምን አውቃለሁ? ማኅተም ያላረፈበት እንዳልነበረ ነው» አሉኝ። ከዚያ በእጃቸው ከያዙት ወረቀት ላይ ከአሥራ አራት ቁጥር አንጻር «አልጨረሰም» ብለው ጻፉ።

አልጨረሰም! ልብ በሉ። ልመዝገብ ስል «ይችላል» እኔን አይጨምርም ነበር። ሊጥሉኝ ሲፈልጉ ግን «አልጨረሰም» ውስጥ ቦታ ተገኘልኝ። ሰዋስው እንኳ በር ላይ ዘበኛ አለው፤ ስትገቢ ይከለክላል፣ ስትወጪ ይከፍታል። አፌን ብከፍት ስድብ እንደሚወጣ ስለማውቅ ጥርሴን ነክሼ ብስክሌቴን መኪናው ላይ ጫንኩ።

በጭነት መኪና ሁለት ቀን ተጉዘን መልካ ወረር ገባን። ኬላው ብዙ ነው፤ በየኬላው ወርደን የይለፍ ወረቀት እናሳያለን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ቢሮ ስገባ ዘበኛው በሩን ከፈተና በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«አንተ ድንጋዩ ጋ ደረሰ» አለኝ። «ጎማ እሾህ በላ። ውሃ ግማሽ ቀረ። ሽማግሌ ዳጉ ጠየቀ፣ አንተ ቆመ፣ ሰጠ። የሽማግሌ ግመል ወለደ። እውነት?»

ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ስለ ውሃው ከሽማግሌው በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ያ ወሬ ከእኔ አፍ ወጥቶ፣ ከግመል ነጂ ወደ ሾፌር፣ ከሾፌር ወደ እረኛ ተቀባብሎ፣ አንዲት ፍሬ ነገር ሳይጎድልበት፣ ከመኪናችን ቀድሞ ገብቷል። እጁን ይዤ በቀጥታ ወደ ኃላፊው አስገባሁትና ያለውን አስደገምኩት።

ኃላፊው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ይህን አልክድም። «ይህ ወሬ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ዳጉ ወሬ አይደለም» አለ ዘበኛው። «ዳጉ ሰው አይዋሽም። አንተ ጨርሷል።» በአማርኛው ስህተት ነው። እኔ ግን በሕይወቴ ከዚያ የተስተካከለ ዐረፍተ ነገር አልሰማሁም።

«ማኅተም የለውም» አሉ ኃላፊው፤ የእጅ ጽሑፋቸውን ወደ እኔ ገፉት። «የውጤት ሪፖርቱ ነው። እስከ ቀትር ይድረስ፤ መኪናው ፖስታ ይዞ ይሄዳል።»

እንግዲህ አለመጨረሴን የምጽፈው እኔ ነኝ። ወረቀት፣ ካርቦን፣ ወረቀት፣ ካርቦን ደራረብኩና መኪናዋ ውስጥ አስገባሁ። ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት ያለውን እንደተሰጠኝ ጻፍኩ፤ ከእነሱም ውስጥ «አልጨረሰም» የተባሉ ስላሉ እጄ ቃሉን ለምዶት ነበር። አሥራ አራት ላይ ስደርስ ጣቴን አነሳሁ። ፈርቼ ነበር። ከቢሮ ተጠርተው ሄደው ያልተመለሱ ሰዎች ወንበር እኔው ክፍል ውስጥ ነበር። እናቴን አሰብኩ። ከዚያ ድንጋዩን አሰብኩ፣ ሁለት ጊዜ የዞርኩትን። ለሽማግሌው በአፌ ያልዋሸሁትን ለመንግሥት በጣቴ ልዋሽ?

«14 — ጨርሳለች» ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑም «3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ»። «ር» እንደ ልማዷ ወረቀቱን በሳችው።

ኃላፊው የኔን ጽሑፍ አያነቡም፤ ስህተት እንደማልሠራ ስለሚያውቁ ነው። ፈረሙ። ማኅተሙን ከመሳቢያቸው አውጥተው እፍ አሉበትና በአራቱም ቅጂ ላይ ገጭ ገጭ አደረጉት። ሦስቱ ፖስታ ገብተው በቀትሩ መኪና ሄዱ። አራተኛውን ፋይል ውስጥ አስቀመጥኩ።

በማግስቱ ጠሩኝ። ፋይሉ ጠረጴዛቸው ላይ ተከፍቷል፤ ጣታቸው የተበሳችው «ር» ላይ አርፏል።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«ወንጀል መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። እውነት መሆኑንም አውቃለሁ።»

የጣሪያው ማራገቢያ አየሩን እየቆራረጠ ይዞራል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልክ ሰው እንዳይሰማቸው የፈሩ ይመስል፣ «ሰርዢው» አሉ።

«ጓድ» አልኳቸው፣ «ማኅተም አርፎበታል።»

ፋይሉን ዘጉት። ስለዚያ ነገር ዳግም አላነሱብኝም፤ እኔም አላነሳሁባቸውም። በመስከረም ከአዲስ አበባ የጥሪ ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው አንዷ ታይፒስት መሆን አለባት፤ እሷም እንደተነገራት ጽፋለች። «አሥራ አራተኛው ተወዳዳሪ በተጠቀሰው ቀን እንዲቀርብ» ይላል።

ቀረብኩ።